በፈቃድ የተሸከሙት እንስራ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው፣ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበትን፣ ዛፍ ስለ ራቀው ምድጃው በኩበት የሚነድበትን፣ ነፋሱም አጥንት ድረስ የሚዘልቀውን ደጋ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ካቋረጠ በኋላ፣ ምድሩ ድንገት ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ የአንኮበርን ጉብታ ያገኛል። የሸዋ መሳፍንት ይህን ስፍራ ለመናገሻ የመረጡበት ምክንያት ለማንም ተመልካች ግልጽ ነው፤ ከላይ ሆኖ የሚጠብቅ ጥቂት ሰው ከታች የሚመጣውን ብዙ ጠላት መመለስ ይቻለዋልና። ነገር ግን ለጦር የተመቸ ከፍታ ለኑሮ የተመቸ አይደለም፤ በዚያ ኮረብታ ራስ ላይ የተጠጣው ጠጅ፣ የተጋገረው እንጀራ፣ ለእንግዳ እግር መታጠቢያ የቀረበው ውሃ ሳይቀር፣ ሁሉም ከታች በሰው ጀርባ ተጭኖ የወጣ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በዚሁ ኮረብታ ላይ ግብር ያበሉ በነበረበት ዘመን፣ ሚሲዮናዊው ክራፕፍና በ1841 ከእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ የመጣው ሻለቃ ሃሪስ ያዩትን ጽፈው ትተውልናል፤ ጸሐፊዎቹ ስለ ንጉሡ አዳራሽ፣ ስለ መኳንንቱ አለባበስና ስለ ጥሬ ሥጋው ብዙ ገጽ ሲሞሉ፣ ያን ሁሉ ማዕድ ያቀረቡትን ሰዎች ግን በጨረፍታ ብቻ አንሥተው ያልፏቸዋል። እነዚህ እህል የሚፈጩት፣ ውሃ የሚቀዱትና እንጨት የሚሸከሙት ሰዎች የንጉሡ ባሮች ነበሩ፤ እንስራው በጀርባቸው ላይ የተጫነው በገዛ ፈቃዳቸው አልነበረም፣ ሊያወርዱትም ሥልጣን አልነበራቸውም። የነገሥታቱ ዜና በስፋት ስለ ተጻፈ፣ በዚህ ጽሑፍ የምከተለው እንስራውን ነው።

ይኸው እንስራና ይኸው ወፍጮ በዚያው በሸዋ ምድር፣ በገዳማቱ አጥር ውስጥ፣ ሌላ ታሪክ አላቸውና። የአንድነት ኑሮን ሥርዓት የሠራው ግብጻዊው አባ ጳኩሚስ ከመልአክ እጅ ተቀበለው የሚባለው ሕግ በጥንት ዘመን ወደ ግእዝ ተመልሶ የገዳሞቻችን መተዳደሪያ ሲሆን፣ ጸሎትና ጾምን ብቻ ሳይሆን የእጅ ሥራንም ይዞ ገባ። ሕጉ ሥራ እንደ ሰው ኃይል እንዲከፈል፣ ብርቱ ሆኖ አብዝቶ ለሚበላው ከባዱ፣ ደካማና ጿሚ ለሆነው ቀላሉ እንዲሰጠው ያዛል፤ ደግሞም አዲስ የመጣ ሰው ሦስት ዓመት በድካም ሥራ ሳይፈተን ከመነኮሳቱ ጉባኤ እንዳይቆጠር ይከለክላል። ከዚህ ከሁለተኛው ትእዛዝ የተወለደው አመክሮ የሚባለው ልማድ፣ ዘመኑ እንደየገዳሙ ቢረዝምም ቢያጥርም፣ እስከ ዛሬ አልተሻረም።

ወደ ሸዋ ይህን ሥርዓት ያወረዱት አባቶች ሰንሰለት ለአንባቢ የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ አልፈዋለሁ። አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ይዘውት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ መጡ፤ በቡልጋ ኢቲሳ የተወለዱት አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በሐይቅ በእርሳቸው እግር ሥር በመታዘዝ ተቀምጠው፣ ወደ ደብረ ዳሞም ወጥተው፣ በኋላ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው ደብረ አስቦን መሠረቱ። ይህን ገዳም በ15ኛው መቶ ዓመት ደብረ ሊባኖስ ብለው የሰየሙት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ ሌሊት በሰማይ ታየ በተባለው ብርሃን ምክንያት ደብረ ብርሃንን ከተማቸው ያደረጉትም እኚሁ ንጉሥ ናቸው። በሞረት የአቡነ ዜና ማርቆስ ገዳም፣ በሚዳ የአቡነ መልከ ጼዴቅ ገዳም፣ ሌሎችም በሸዋ ቆላና ደጋ የተበተኑ አድባራት በዚህ በአንዱ የምንኩስና ዘመን መንፈስ ያደጉ ናቸው።

እንግዲህ ወደ አንድነት ገዳም የመጣ ሰው፣ በዓለም ሳለ ደጃዝማችም ይሁን ገበሬ፣ አስቀድሞ የሚቀበለው ቆቡን ሳይሆን እንስራውን ነው። ረድእ ተብሎ በመጋቢው እጅ ይሰጣል፤ መጋቢውም ጠባዩንና ጉልበቱን አይቶ ከወፍጮ ቤት፣ ከማብሰያው፣ ከአትክልቱ፣ ከእንጨት ለቀማው ወይም ከውሃው መንገድ ይመድበዋል። የታመመ አረጋዊ ቢኖር ያስታምማል፣ እንግዳ ሲመጣ እግር ያጥባል፣ ማኅበሩ ሲቀመጥ መክፈልቱን ያድላል፣ እርሱ ግን ሁሉ ከበሉ በኋላ ይበላል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ጸሎቱ አይቀርለትም፤ በሌሊት ከመነኮሳቱ ጋር ይቆማል፣ ስግደቱን ያደርሳል፣ በቀንም ወፍጮው ላይ ጎንበስ ብሎ መዝሙረ ዳዊቱን በቃሉ ያነበንባል። በገዳም የሚኖር ሰው ይህን «ሥራ» ብሎ ከጸሎት አይለየውም፤ ሁሉም አንድ ትእዛዝ ነው፣ ሁሉም በአንድ ንስሐ አባት ፊት ይመዘናል።

የዚህ ነገር ክብደት ለዛሬ አንባቢ ቶሎ አይታየው ይሆናል፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። በአማራ ገበሬ ቤት እህል መፍጨትና ውሃ መቅዳት የሴት ሥራ ነበር፤ በመኳንንት ቤት ደግሞ የገረድና የባሪያ ነበር። ወንድ ልጅ ማጭድና ማረሻ ቢይዝ ይመሰገናል፣ ጦር ቢይዝ ይዘፈንለታል፤ በወፍጮ ድንጋይ ላይ ተንበርክኮ የታየ ግን የመንደር መሳቂያ ይሆን ነበር። በዘመቻ ጊዜ እንኳ እንስራውን ተሸክመው፣ ሌሊት እየፈጩ ሠራዊቱን ያበሉት ሴቶችና አሽከሮች ነበሩ። እንግዲህ ሴት በማትገባበት የወንዶች ገዳም ውስጥ ያ ጦረኛ፣ ያ የባላባት ልጅ፣ ያ የድጓ መምህር ወፍጮው ፊት ሲንበረከክ፣ ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን በሀገሩ ባህል ወንድነቱ የቆመበትን ክብር ጭምር ነበር የሚያስረክበው። ሊቃውንቱ ስለ ትሕትና ከማር ይስሐቅና ከአረጋዊ መንፈሳዊ መጻሕፍት ብዙ ያስተምራሉ፤ ወፍጮው ግን ያለ አንድምታ ያስተምር ነበር፤ የሚማረውም ሰው ትርጓሜውን በትከሻው ሕመም ያውቀዋል።

ጥቅምት 20 ቀን በስንክሳር የሚነበበውን የአባ ዮሐንስ ሐጺርን ነገር ያልሰማ የሸዋ ምእመን ጥቂት ነው። መምህሩ ደረቅ እንጨት ሰጥቶ ተክለህ ውሃ አጠጣው ባለው ጊዜ፣ ውሃው እጅግ ሩቅ ሳለ ለምን ሳይል ሦስት ዓመት እየተመላለሰ አጠጣው፤ እንጨቱም አቈጥቍጦ አፈራ፣ መምህሩም ፍሬውን ቆርጦ ለመነኮሳቱ የመታዘዝ ፍሬ ብሎ አደለ። ምእመኑ ተአምሩን ያደንቃል፤ እኔን የሚደንቀኝ ግን ከፍሬው በፊት ያለው ሦስት ዓመት ነው። ያ ውሃ ለማንም ጥም የማይረባ፣ ማንንም የማያጠግብ ውሃ ነበርና፣ የሥራው ዋጋ በጥቅሙ ሳይሆን በሠሪው ልብ ላይ በሚያደርገው እንደሚለካ ከዚህ የበለጠ አድርጎ ያሳየ ታሪክ አላገኘሁም።

ከሁሉ ይልቅ ግን የሸዋን ሁለት እንስራዎች፣ በግድ የተሸከሙትንና በፈቃድ የተሸከሙትን፣ በአንዲት ነፍስ ውስጥ ያገናኘች የቡልጋዋ ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ናት። ገድሏ እንደሚተርከው በ15ኛው መቶ ዓመት የነበረች የባለጸጋ ልጅ፣ ባል ያገባችና ልጆች የወለደች እመቤት ስትሆን፣ አንድ ቀን በአገልጋይዋ ላይ ተቈጥታ የእሳት ትንታግ በአፏ ብትከታት ልጅቱ ሞተች። እመቤቲቱም ደንግጣ፣ ልጅቱ ብትነሣ ዓለምን ልትተው ለእግዚአብሔር ተሳለች፤ ልጅቱ ተነሣች፣ እርስዋም ቤቷን ትታ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄዳ መነኰሰች፣ በኋላም ወደ ጣና ሐይቅ ወርዳ በጓንጉት በተጋድሎ ኖረች። ገድሉን የጻፈው ደራሲ ስለ አገልጋይቱ ከዚያ በኋላ ብዙ አይነግረንም፤ ይህ የገድላት ልማድ ነው። ነገር ግን ቅድስናዋን ከእልፍኝ ሳይሆን ከማድ ቤት ደጃፍ፣ ከባሪያ ሥቃይ ማስጀመሩ፣ የዘመኑ ሰው ራሱ የግዳጅ አገልግሎት የሚያስፈርድ ነገር መሆኑን በልቡ ያውቅ እንደ ነበረ ይመሰክርብናል። ያሳዘነኝ፣ ይህን እያወቀ አምስት መቶ ዓመት ያህል ባሪያ ማሠራቱን አለመተዉ ነው፤ ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ እንዲወጡ ያዘዘው አዋጅ የመጣው በ1916 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፈጽሞ የሻረው ሕግ የታወጀው ደግሞ በ1934 ዓ.ም. ነው።

አመክሮ በግድ ከሆነ ፈቃዱ የት ላይ ነው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አይጠፋም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ረድኡ የሚታዘዘውን ሥራ አይመርጥም፣ መጋቢውን አይሞግትም፤ ይሁን እንጂ በማንኛውም ሌሊት በሩን ከፍቶ ቢሄድ ተከትሎ የሚመልሰው ፈረሰኛ የለም። የአንኮበሩ ባሪያና የገዳሙ ረድእ በተሸከሙት እንስራ ክብደት እኩል ናቸው፤ ልዩነታቸው በሩ ላይ ነው፤ ረድኡ በየማለዳው መሄድ እየቻለ ይቀራል፣ ያ በየማለዳው የሚታደስ መቅረት ነው ፈቃድ የሚባለው።

ይህ አሳብ የእኛ ብቻ አይደለም። በሩቅ ምሥራቅ የቡድሃን ትምህርት የሚከተሉ መነኮሳትም ወደዚሁ ደርሰዋል። ዶገን የተባለው ጃፓናዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1223 ትምህርት ፍለጋ ቻይና በደረሰ ጊዜ፣ እርሱ ገና በመርከቡ ላይ ሳለ አንድ ሽማግሌ የገዳም ወጥ ቤት እንጉዳይ ሊገዛ መጣ፤ ዶገንም እንዲያድር ቢለምነው፣ የነገው ማዕድ የእኔ ነው ብሎ እምቢ አለ። በዚህ ዕድሜህ መጽሐፍ መመርመርና በተመስጦ መቀመጥ ሲገባህ ስለ ምን በወጥ ቤት ትደክማለህ ቢለው፣ ሽማግሌው ሥቆ የተጋድሎን ነገር ገና አላወቅኸውም አለው። ዶገን ይህን አልረሳም፤ በ1237 ለገዳም ወጥ ቤቶች መመሪያ የሚሆን ድርሰት ጻፈ፤ ሩዝ ማጠብን ከተመስጦ ጋር እኩል አድርጎም አስተማረ። በእኛ ዘመንም፣ በበርማ ተወልዶ ከ1969 ጀምሮ በሕንድ ያስተማረው ጎንካ ያቋቋማቸው የተመስጦ ማረፊያዎች፣ ለአሥር ቀን በዝምታ የሚቀመጠውን ሰው ያለ ክፍያ ተቀብለው የሚያስተናግዱት በፈቃደኞች እጅ ነው፤ ለማገልገል የሚፈቀድለትም አስቀድሞ አሥሩን ቀን ተቀምጦ የፈጸመ ሰው ብቻ ነው። ከእኛ ጋር የሚለያዩበት ነገር እዚህ ላይ ነው፤ በዚያ ሰው ዝምታውን ቀምሶ ወደ ወጥ ቤት ይገባል፣ በሸዋ ገዳም ግን በወጥ ቤት ተፈትኖ ወደ ዝምታው ይደርሳል። የትኛው ይሻላል ብሎ መፍረድ ለእኔ አይደለም፤ የእኛ አባቶች ግን ያልታዘዘ ሰው ዝምታውን ለትዕቢቱ መኖ እንዳያደርገው ሳይፈሩ አልቀሩም።

በዚህ ላይ ገዳማቱ በሙሉ በፈቃድ አገልግሎት ብቻ ኖሩ ብል ታሪክን እበድላለሁ። ነገሥታቱ ለአድባራትና ለገዳማት ርስትና ጉልት ሰጥተዋል፤ በጉልቱ ምድር የሚኖረው ገበሬ ከእህሉ ይገብር፣ እንጨትም ያመጣ፣ ግንብም ይሠራ ነበር፤ ካህኑና ደብተራውም የሰሞን መሬት ይዘው በመሬቱ ልክ ያገለግሉ ነበር። ያ ገበሬ ለገዳሙ የተሸከመው ጭነት ከአንኮበሩ ጭነት እምብዛም አይርቅም፤ ልዩነቱ ወደ ንጉሥ ሳይሆን ወደ ታቦት መሄዱ ነበር። ስለዚህ በአንዱ አጥር ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ኖረዋል፤ ረድኡ በፈቃዱ የቀዳው ውሃ፣ ጭሰኛው በግዴታው ባመጣው እንጨት ላይ ይፈላ ነበር።

የአገልግሎቱ ሰንሰለት በሸዋ በአንድ ወቅት ሊበጠስ ደርሶ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጣልያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ጣልያኖች ደብረ ሊባኖስን በወንጀሉ ጠረጠሩት፤ ጄኔራል ማሌቲም የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል በሚከበርበት በግንቦት 12 ቀን፣ ገዳሙ በመነኮሳትና በተሳላሚ በተሞላበት ጊዜ፣ የተያዙትን በማግሥቱ በላጋ ወልደ አስረሸናቸው። ግራዚያኒ ወደ ሮም የላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳት መገደላቸውን ይናገራል፤ ኋላ የመረመሩት የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ቍጥሩ ከዚህ ብዙ እጥፍ መሆኑን አሳይተዋል። ለጊዜው የተተዉት 129 ዲያቆናት ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከከተማው አጠገብ በእንገጫ በጥይት ተፈጁ። የእነዚህን ወጣቶች ሞት ከሌላው ለይቼ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አረጋውያኑ የገዳሙ ትዝታ ከነበሩ፣ ወጣቶቹ ደግሞ ነገ ውሃውን የሚቀዱት፣ ከነገ ወዲያ ሥርዓቱን ለሌላ ረድእ የሚያስረክቡት ነበሩ። ገዳሙ ከነጻነት በኋላ እንደገና ተሰበሰበ፤ በ1950ዎቹም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዛሬ የሚታየውን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አሠሩለት።

በከተማና በገጠር ያለው ምእመን ግን ገዳም ሳይገባ ይህን መንፈስ በሌላ መልክ ይዞት ኖሯል። በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ ወይም አጠገብ የሰንበቴ ቤት አለ፤ ተረኛው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፣ ካህኑ ይባርካል፣ ከአባላቱ ጋር ነዳያን ይጠግባሉ። በየወሩ በጻድቅ ወይም በመልአክ ስም የሚጠጣው ማኅበርም እንዲሁ ነው፤ ሙሴው ይመራል፣ ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ገበሬው ወንፈል ሲወጣ የዛሬ ጉልበቱ ነገ በጉልበት እንደሚመለስለት ቆጥሮ ነው፣ ደቦ የጠራም አብልቶና አጠጥቶ ነው የሚያሠራው፤ በሰንበቴ ለነዳያን የቀረበው ዳቦ ግን በዚህ ዓለም ብድር አይጠየቅበትም። ሆኖም አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልወድም፤ ጽዋው በአባወራው ስም ሲነሣ፣ ጌሾውን የወቀጡት፣ ብቅሉን ያበቀሉት፣ ሊጡን ያቦኩት፣ ሌሊቱን በጢስ ያለቀሱት የቤቱ ሴቶች ናቸው። የእነርሱ አገልግሎት ከፈቃድ ነው ወይስ ከግዴታ ብሎ የጠየቃቸው የማኅበር ሙሴ ሰምቼ አላውቅም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሆኖ ሲታወጅ፣ ገዳማቱ ከጉልቱም ከሰሞኑም ተለያዩ። ብዙዎች ይህን የገዳማቱ ፍጻሜ አድርገው አልቅሰውለት ነበር፤ ረኃቡም በእርግጥ ደረሰ። ነገር ግን ጭሰኛው በግድ የሚያመጣው እንጨት ሲቀር፣ የቀረው በፈቃድ የሚመጣው ብቻ ሆነ። አስቀድሞ የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤ የምእመናኑን አስተዋጽኦ ሰበሰበ፤ ወጣቶቹ በሰንበት ትምህርት ቤት ተደራጁ፤ በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳንም ከአባላቱ ወርኃዊ መዋጮ ችግረኛ ገዳማትን መርዳት ጀመረ። ሐኪሙ በዕረፍቱ ሕሙማንን ሊያይ፣ መሐንዲሱ የገዳም ውሃ ሊጠልፍ፣ ተማሪው ድንጋይ ሊሸከም የሚወጣበት ልማድ የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው። በዚህ ረገድ የመሬቱ አዋጅ ሳያስበው ገዳማቱን ወደ አባ ጳኩሚስ አቀረባቸው ብል፣ የሚቈጡኝ አባቶች ቢኖሩም፣ እውነቱ ከዚህ የሚርቅ አይመስለኝም።

ዛሬ በሰላ ድንጋይ በኩል ወደ ጻድቃኔ ማርያም ለሱባኤ የሚወርደው ሕዝብ ብዛት የጥንት ተሳላሚዎች ያልሙት ከነበረው ይበልጣል፤ ከየከተማው በአውቶቡስ የመጣው ሰው በሶና ቆሎ ይዞ ይሰፍራል፣ ጸበል ይጠጣል፣ ይሰግዳል። ከሕዝቡ ብዛት ጋር የሥራው ዓይነትም ተለውጧል። የሞተር ወፍጮ ወደ ገጠሩ ከዘለቀ ወዲህ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት የረድኡን ትከሻ ያደከመው የእጅ ወፍጮ ከየገዳሙ ቀስ በቀስ እየወጣ ነው፤ የቧንቧ ውሃ የደረሰባቸው ገዳማት ደግሞ የውሃውን መንገድ ከነጭራሹ ረስተውታል። አንዳንድ አባቶች ሞተሩን ሲቀበሉ ለአመክሮ ምን እንሰጣለን ብለው ቢጨነቁ አልፈርድባቸውም፤ ነገሩ ግን ያን ያህል አላስጨነቃቸውም፤ ከወፍጮው የተረፈውን የረድኡን ጉልበት ወደ እንግዳው መመገቢያ፣ ወደ ችግኙና ወደ ላሙ በረት መልሰውታልና። ውሃው በሚርቅባቸው በቆላው ገዳማት ግን እንስራው ዛሬም በወንድ ጀርባ ላይ ይወጣል።